ሳትቀምስ የምታጣፍጠዋ

ማራኪ ወጡ ውስጥ ጨው አልጨመረችም። ረስታ አይደለም። ዶሮው በስሏል፣ እንቁላሉ ገብቷል፣ ቅቤው ከላይ ወጥቷል። በርበሬውም ያለ ጨው የተፈጨ ነው፤ ያስፈጨችው ራሷ ናት። የመጀመሪያዎቹን ሳህኖች ትሞላና በማቀበያው መስኮት ወደ አስተናጋጇ ትገፋቸዋለች።

«ፊትሽ ምን ሆኗል?» ትላለች አስተናጋጇ ኢሊሊ።

«ምንም። ውሰጂው።»

«ፈገግ በያ! ሰዎቹ እየቀረጹሽ ነው።»

እውነትም እየቀረጿት ነው። ጋሽ መኳንንት ይህን ምግብ ቤት ኮልፌ 18 ማዞሪያ ላይ ሲከፍቱ የኩሽናውን ግድግዳ አስፈርሰው በመስታወት የተኩት ለእሷ ብለው ነው። መስታወቱ ላይ ትልቅ ፎቶዋ ተለጥፏል፤ ከሥሩ «ሳትቀምስ የምታጣፍጠዋ ማራኪ» ይላል። እሷ ከቆመችበት ፊደሎቹ ግልብጥ ናቸው። ከምድጃው በላይ ደግሞ ቀኑን ሙሉ በቲክቶክ የሚያስተላልፍ ስልክ ተሰቅሏል።

ነገሩ የመጣው ከቴሌቪዥን ነው። ለፋሲካ የሚተላለፈው የምግብ ማብሰል ውድድር የተቀረጸው በሁዳዴ ነበር፤ የመጨረሻው ዙር ዶሮ ወጥ፣ እሷ ደግሞ ጾመኛ። ዳኛው «ቀምሰሽዋል?» ሲላት «አልቀመስኩም፣ በሽታው ነው የሠራሁት» አለች። ታዳሚው ሳቀ። ሽታውን ማለቷ መሆኑ ሲገባው ተነሥቶ አጨበጨበ። አሸነፈች።

ያኔ ያልቀመሰችው ጾም ስለነበረ ነው። አሁን ግን በዓለ ሃምሳ ነው፣ ረቡዕ፣ ቄሱም የሚበሉበት ረቡዕ፤ እሷ ግን አትቀምስም፤ በውሏ ተከልክላለች። ሌላ ምግብ ልሥራ ስትል «ሰው ያየው ዶሮውን ነው» ትባላለች። ውሉ እስኪያልቅ ሌላ ኩሽና መግባትም አትችልም።

ዛሬ ጠዋት ሽንኩርት እያቁላላች እንደገና ሞክራ ነበር።

«ጋሽ መኳንንት፣ ምላሴን ካልተጠቀምኩበት እኔ ምኑን አብሳይ ሆንኩ? ድስት ጠባቂ ነኝ።»

«አንድ ሰው ጨው አነሰው ብሎኝ ያውቃል? አንድ!» አሉ ጣታቸውን ቀስረው። «ያለኝ ቀን ማንኪያውን በገዛ እጄ አቀብልሻለሁ። ጽሑፉንም ከመስታወቱ እልጠዋለሁ። ቃሌ ነው።»

ጋሽ መኳንንት ክፋታቸው ብዙ ነው፤ ቃላቸውን ግን አያጥፉም። ስለዚህ አንድ ሰው ይበቃታል።

በሩ አጠገብ ክራባት ያሰሩ ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። አንደኛው ይጎርሳል። ማኘኩን ገታ አድርጎ ጓደኛውን ያየዋል። ጓደኛውም ያየዋል። ማራኪ ማማሰያውን ጨብጣ ትጠብቃለች። ሰውየው ይውጣል፣ ውሃ ይጠጣል፣ ስልኩን አንሥቶ ፎቶ ያነሣታል።

ኢሊሊ ባዶ ሳህኖች ይዛ ትመለሳለች።

«ምን አሉ?»

«እነማን?»

«ሰዎቹ። ስለ ወጡ።»

«ልክ በቴሌቪዥን እንዳየነው ነው አሉ።»

«ጣዕሙን በቴሌቪዥን አይተውታል?»

«አንቺ ደግሞ! አራት ጨምሪልኝ።»

አራት ትጨምራለች። አራቱም ተጠርገው ይመለሳሉ።

ስድስት ሰዓት አለፍ ሲል እማማ ወለተጻድቅ ከቀራንዮ መድኃኔዓለም ወጥተው ይገባሉ። ማራኪ ቀና ትላለች። እማማ የማንም ፊት የማይፈሩ ሴት ናቸው፤ በሰው ሠርግ፣ ድንኳን መሐል ቆመው «ይሄ ወጥ ነው ወይስ የእጅ ውሃ?» ብለው ጠይቀዋል። ሳህናቸውን ራሷ ታሰናዳለች። ትልቁን ብልት ትመርጥላቸዋለች።

እማማ ይጎርሳሉ። ሁለተኛውን ጉርሻ ጠቅልለው መልሰው ያስቀምጡታል። በመስታወቱ ውስጥ ማራኪን ትኩር ብለው ያዩዋታል። ነጠላቸውን ሰብስበው ይነሣሉ። ጋሽ መኳንንት ከተቀመጡበት ባንኮኒ አጠገብ ሲደርሱ ማራኪ ወደ መስኮቱ ትጠጋለች። እማማ ግን ያልፏቸዋል። ወደ ማቀበያው መስኮት መጥተው አንገታቸውን ያስገባሉ።

«ልጄ፣ ጨው ረስተሻል» ይላሉ በሹክሹክታ።

«አውቃለሁ እማማ። ለጋሽ መኳንንት ይንገሩልኝ።»

«ምን በወጣኝ!»

«እባክዎ። ጮክ ብለው ይንገሩልኝ። እኔ ነኝ የምለምንዎ።»

«ደክሞሽ ነው፤ ቀኑን ሙሉ እሳት ላይ ቆመሽ።» እጃቸውን በመስኮቱ ሰድደው ጉንጯን ይዳብሷታል። «እኔ የሰፈሬን ልጅ እንጀራ የምዘጋ ሴት ነኝ? አፌ ይቆረጥ።»

«እማማ፣ አልገባዎትም...»

እማማ ዞረዋል። አዳራሹ ሁሉ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ ያደርጋሉ። «እጅሽ ይባረክ! ጣት ያስቆረጥማል!»

ሰው ያጨበጭባል። ጋሽ መኳንንት ከባንኮኒው ሆነው ወደ እሷ ይስቃሉ። «ሰማሽ?»

እማማ ወንበራቸው ላይ ይመለሳሉ። ወዲያው ክራባት ካሰሩት አንዱ ጎንበስ ይልና በጠረጴዛው ሥር አንድ ነገር ያቀብላቸዋል። የጨው ዕቃ ነው። እማማ በነጠላቸው ከልለው ይነሰንሱና ከኋላቸው ወዳሉት ባልና ሚስት ያሳልፉታል። ባልና ሚስቱ ለሚቀጥለው ጠረጴዛ። ማንም ወደ ኩሽናው አያይም፤ ዕቃው ከጉልበት ወደ ጉልበት እየዞረ አዳራሹን ያካልላል። መጨረሻ ላይ ጥግ የተቀመጠች ሴት ጋ ይደርሳል። ሴትየዋ ቀና ስትል ከማራኪ ጋር ዓይን ለዓይን ይገጣጠማሉ። ዕቃውን ጭኗ መሐል ደብቃ፣ ፈገግ ብላ፣ አውራ ጣቷን ታነሣላታለች።