የዶክተሩ ጉርሻ

«እማዬ፣ የመምህሬን ስህተት ባውቅ ልናገር?» ሲለኝ፣ ለልጄ እንጀራ ፈርቼ ወሬ ቀየርኩ።

እንደ አቧራ የተበተኑ ነጥቦች መስመር ሳይሠሩ ምን ያህል ሊጠጋጉ እንደሚችሉ፣ ማንም ያላረጋገጠው የሒሳብ ግምት አለ። የልጄ መምህርና አሠሪ ዶክተር ግዛቸው «አረጋገጥኩት!» ብለው ድግስ ደገሱ። ማረጋገጫው መሃሉ ላይ እንደሚበጠስ ግን ልጄ ያፌት ደርሶበታል፤ ገና ፊደል ለምማረው ለእኔ ነግሮኛል፤ ለሳቸውም ለብቻቸው ነግሯቸዋል።

ሰው እየበላ ሳለ ያፌት «ስለ ማረጋገጫው አንድ ነገር ልበል» ብሎ ተነሳ። ዶክተሩ፣ የወጡ መረቅ በክንዳቸው እየወረደ፣ ትልቅ ጉርሻ ጠቀለሉ።

«አፍህን ክፈት! በሞቴ!»

ሰው ሳቀ። ያፌት ጎረሰ። ይተፋዋል ብዬ ጠበቅሁ።

ልጄ ዋጠው። ከንፈሩን ጠርጎም «እንከን የለውም» አለ።

ጭብጨባው ቤቱን ሞላው። እሱ ከዶክተሩ ጎን ተቀመጠ፤ እኔ እጄን ሳልታጠብ ወጣሁ።