ደላላው «አልሸጥልዎትም» ያላት መኪና

«እትዬ... ይቺን መኪና ለእርስዎ አልሸጥም።»

ደላላው ይህን ሲል እስክሪብቶው በልብስ ሰፊዋ ጣቶች መሃል ነበር።

ውሉ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል... የቀራት አንድ ፊርማ ብቻ ነው።

«ምን አልከኝ የኔ ጌታ?»

«አልሸጥም። በቃ።» ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው።

ሴትዮዋ ክው አለች...

መቼም መኪና ያማራት ለመታየት አይደለም። ባሏ በሳምንት ሦስት ቀን ኩላሊቱን ይታጠባል። ከሕክምናው ሲወጣ ጉልበቱ ውሃ ይሆናል... ታክሲ እስኪመጣ የሐኪም ቤቱ አጥር ስር ቁጭ ይላል። በቀደም እዚያው ተዝለፍልፎ ወድቆ መንገደኛ ነው ያነሳው።

እሷም ብትሆን ዕድሜ ልኳን የስፌት ፔዳል ስትረግጥ የግራ ጉልበቷ አልቋል። ፍሪሲዮን መርገጥ የማይታሰብ ነው። ስለዚህ መኪናዋ አውቶማቲክ መሆን አለባት... ትንሽ፣ ነዳጅ የማትጠጣ፣ ብዙ ያልተነዳች።

ብሩ ደግሞ አንዴ ብቻ የሚገዛ ነው። ከተሳሳተች አለቀ!

ሦስት ሳምንት ዞረች። አንዷ መኪና ቀለሟ ገና እጅ ላይ ይለቃል። ሌላዋ ውስጧ ሻግቶ ሽቶ ነፍተውባታል። አንዷን ደግሞ «ሴት ናት የነዳቻት፣ በእንክብካቤ ነው የያዘቻት» አሏት... ሴትየዋ መቼም ከግንብ ጋር ስትጣላ ነው የኖረችው!

እንቅልፍ አጣች። ከሐሳብ ብዛት የሰው ኮት እጅጌ ገልብጣ እስከመስፋት ደረሰች።

በመጨረሻ ታናሽ ወንድሟ ደረሰላት። ሰፈሩ «ኢንጂነር» ነው የሚለው። ተምሮ እንዳይመስላችሁ... አንዴ የጎረቤት ቴሌቪዥን በጥፊ መትቶ አስነስቶ ነው።

«እታለም፣ ዓይንሽን ጨፍነሽ ግዢ! ገና ሁለት ዓመቷ ነው። እኔው ራሴ ነድቼ አይቻታለሁ።»

አመነችው። ለምን አታምነውም? እናታቸው ስትሞት አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት።

እና አሁን ደላላው አልሸጥም አለ...

«ምነው፣ ደሃ ናት ብለህ ናቅካት?» ወንድሟ ደነፋ። «የተሻለ ከፋይ አገኘህ አይደል? እናንተ ሌቦች!»

ደላላው ቀና ብሎ ዓይን ዓይኑን አየው...

«ባሌ ሰኞ ሕክምና አለው...» አለች ልብስ ሰፊዋ። «እባክህ...»

«ይሂዱ እትዬ።»

ግቢው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እያያት፣ እያነከሰች ወጣች።

ቤቷ ገብታም አላስችል አላት። ከሰዓት በኋላ ለማንም ሳትናገር ብቻዋን ተመለሰች። እግሩ ላይ ልትወድቅ!

ደላላው ሲያያት በረጅሙ ተነፈሰ። የመኪናዋን ቁልፍ ሰጣትና ጎኗ ተቀመጠ። «ይንዱ» አላት።

አሥር ደቂቃ ነዳች። መኪናዋ ሐር ናት!

«ታዲያ ምኗ ነው የጎደለው?»

«ግድ የለም፣ ይንዱ።»

ሃያ ደቂቃ... ሃያ አምስት...

ዳገቱ ላይ ሲደርሱ ሞተሩ ጮኸ። መኪናዋ ግን አልሄደችም። ነዳጅ ብትረግጥ፣ ብትረግጥ... ጩኸት ብቻ! ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመሩ። ከኋላቸው የጭነት መኪና ጡሩምባውን ያምባርቃል። ላብ አጠመቃት።

ደላላው ቶሎ ብሎ የእጅ ፍሬኑን ሳበ።

«ካምቢዮዋ ነው። ቀዝቃዛ ሆና ምንም አይታወቅባትም፣ ስትሞቅ ነው ማርሽ አልይዝ የምትለው። ገዢ ሁሉ ሰፈሩን ሁለት ዙር ዞሮ 'ጥሩ ናት' ይላል። ማሠሪያው የመኪናዋን ግማሽ ዋጋ ይፈጃል።»

ልብስ ሰፊዋ ባሏ ታያት... ኋላ ተጋድሞ፣ እዚህ ዳገት ላይ።

«ታዲያ ጠዋት ወንድሜ እያለ ለምን አልተናገርክም? ልጁም እንደኔ ተሸውዶ...»

ደላላው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«ያውቃል እትዬ።»

«ማን?»

«ወንድምዎ። ሐሙስ ዕለት እዚሁ ዳገት ላይ ቆማበታለች። 'ለእሷ እንዳትነግራት፣ ዋጋው ላይ የኔን ድርሻ ጨምርበት' አለኝ። እኔም ተስማማሁ... አልዋሽዎትም፣ ልጆች አሉኝ። ዛሬ ግን ከቦርሳዎ ሜትር አውጥተው የኋላውን ወንበር ሲለኩ አየሁ። ምን ሊያደርጉ ነው ብልዎት፣ 'ባሌ የሚጋደምበት ትንሽ ፍራሽ ልሰፋለት' አሉኝ...»

ዞር ብሎ የኋላውን ወንበር አየ።

«ከዚያ በኋላ አቃተኝ።»

እሷ መሪውን እንደያዘች ቀረች። አላለቀሰችም። ማልቀስም የሚመጣው ሲገባን ነው...

በሳምንቱ ያው ደላላ ሌላ ትንሽ አውቶማቲክ ፈለገላት። በሯ ተፍቋል፣ መልኳም አያምርም። ግን ሞተሯ እስኪግል አንድ ሰዓት ሙሉ ዳገት ለዳገት አስነዳት። ያኔ ነው የፈረመችው።

አሁን ባሏን ራሷ ታመላልሰዋለች።

ወንድሟስ አትሉም? አንዳንዴ ምንም እንዳልተፈጠረ መጥቶ ፊት ወንበር ላይ ጉብ ይላል። ባሏ የሚያውቀው ነገር የለም፣ ከኋላ ሆኖ ይመርቀዋል።

«ተባረክ ልጄ! አንተ ባትሯሯጥ ይቺን መኪና ከየት እናገኛት ነበር?»

«አሜን» ይላል ወንድም ሆዬ።

እሷ ዝም ብላ ትነዳለች...

ወገኖቼ፣ «ደላላ ነው» ብላችሁ ሰው አትጥሉ፤ «ወንድሜ ነው» ብላችሁም ዓይናችሁን አትጨፍኑ። የራሳችሁ ሰው «አይቼዋለሁ» ያላችሁን ነገር ደግማችሁ እዩት። ደጋግሞ ማየት መናቅ አይደለም።

እስቲ እናንተ በእሷ ቦታ ብትሆኑ... ለባላችሁ እውነቱን ትነግሩት ነበር? ወይስ የታመመ ሰው ልቡ እንዳይሰበር ብላችሁ እንደሷ ዝም ትሉ ነበር?

ሳታፍሩ ከታች ጻፉልኝ 👇