የኩሪየሩ ጆሮ ጠቢ

ኩሪየር ጋዜጣ መታመሙን ከተማው ሁሉ ያውቃል። ድሮ እሑድ ጠዋት በረንዳ ላይ ሲወረወር ውሻ የሚያስደነግጥ ጋዜጣ፣ በዚያ የበረዶ ወራት ከመሳሳቱ የተነሳ ነፋስ እያነሳ ወደ ሐይቁ ይወስደው ጀመር። ባለቤቶቹም፣ "ወይ ሠራተኛው ካለው ጥቅም ላይ ይልቀቅ፣ ወይ በሩን እንዘጋለን" አሉ። ድርድር ተጀመረ።

የሠራተኛ ማኅበሩን ወገን የሚመራው ኸርብ ፕሮኮፕ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማውን ምክር ቤት ሲዘግብ አንድም ቀን የስሕተት ማረሚያ አልወጣበትም፤ ይህንንም ላልጠየቀው ሰው ሁሉ ይናገራል። ከጎኑ ፎቶ አንሺዋ ሎሬታና ማስታወቂያ ሻጩ ግሌን ማካትሪ ተቀምጠዋል። ኸርብ ማስታወቂያ ሻጭ የሚባል ፍጥረት አይወድም። የገዛ ደመወዙ ከየት እንደሚመጣ ሳያስብ እዚህ ደርሷል።

በእጃቸው ያለው ነገር ቀላል አይደለም። ሃያ ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ እስከ ጡረታው አይባረርም የሚል አንቀጽ በውላቸው ውስጥ አለ። ባለቤቶቹ የቋመጡት እሱን ለማስወጣት ነው። አንቀጹ ከወጣ፣ ቀድመው የሚሰናበቱት እንደ ኸርብ ያሉት፣ ደመወዛቸው ከብዶ ጉልበታቸው የቀለለው ናቸው።

ሦስቱ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ፣ ከቦውሊንግ መጫወቻ ቤቱ በላይ ባለው የማኅበሩ ክፍል ይገናኛሉ። በማግስቱ ምን እንደሚሉ፣ ካልሆነላቸውም እስከ የት እንደሚያፈገፍጉ ይማከራሉ። ከዚያ ሁለቱ ሲሄዱ ኸርብ ብቻውን ቀርቶ ለአባላቱ "የድርድር ዜና"ን ይጽፋል። ጠንቃቃ ሰው ነውና፣ የጻፈው የሚበተነው በማግስቱ ድርድሩ ካበቃ በኋላ ብቻ ነው። አጻጻፉም የጋዜጠኛ ነው፦ በምክክሩ ማን ምን እንዳለ፣ ለምን እንዳለ፤ መጨረሻው ላይ ደግሞ ሁልጊዜ፣ "ድርጅቱ አስተያየት ከመስጠት ተቆጥቧል።"

የመጀመሪያው ቀን፣ ከዓመት ዕረፍታቸው ምንም ላለመልቀቅ፣ የግድ ከሆነ ግን አራት ቀን ለመስጠት ተስማምተው ገቡ። የድርጅቱ ጠበቃ ሚስተር ቫንደርሆፍ ገና ኮቱን ሳያወልቅ፣ "አራት ቀን" አለ።

"ለምን አምስት አላለም?" አለች ሎሬታ ሲወጡ።

"ገምቶ ነዋ" አለ ግሌን፣ ስልኩን እየነካካ።

በሁለተኛው ቀን፣ የደመወዝ ቅነሳውን ከዜሮ ጀምረው፣ ከተገፉ ስድስት ከመቶ ላይ ሊቆሙ ተማከሩ። ጠበቃው ስድስት አለ። አምስትም ሰባትም አላለም። ከዚያ ወደ ኸርብ ዞሮ፣ "እንደ እርስዎ ያለ ጨዋ ተደራዳሪ አጋጥሞኝ አያውቅም፣ ሚስተር ፕሮኮፕ፤ ከልቤ ነው" አለው። ኸርብ የቀለደበት መሰለውና በንዴት ቀላ።

ከዚያ ወዲህ ዓይኑን ከግሌን ላይ አላነሳም። ግሌን በየዕረፍቱ በረዶው ውስጥ ቆሞ ስልክ ያወራል። መኪናውን የሚያቆመው ከጋዜጣው አሳታሚ መኪና ጎን ነው። ማክሰኞ ዕለት ደግሞ ከጠበቃው ጋር በአንድ ሊፍት ሲወርድ፣ ሁለቱም ሲስቁ ሎሬታ አይታለች።

"ሊፍት ውስጥ ምን የሚያስቅ ነገር አለ?" አለ ኸርብ።

"ሳቅማ አይመሰክርም" አለች ሎሬታ። "ግን እኔ አይደለሁ፣ አንተ አይደለህ። ማን ቀረ?"

ሐሙስ ከሰዓት ግሌን የዶናት ሳጥኑን ከፍቶ ገና አንዱን ሲያነሳ፣ ኸርብ ጠረጴዛውን በቡጢ መታው።

"ስንት ከፈሉህ? አንተ ጆሮ ጠቢ!"

ግሌን ዶናቱን ወደ ሳጥኑ መለሰ። "እኔ? ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቼ? አንቀጹ ቢወጣ እኔስ ሜዳ ላይ አይደለሁም?"

"ለአንተማ ሌላ ቃል ገብተውልህ ይሆናላ! ቀኑን ሙሉ በስልክ ከማን ጋር ነው የምትንሾካሾከው?"

"ከፍራሽ ቤቱ ጋር! ሙሉ ገጽ ልሸጥላቸው! ያንተን ደመወዝ ማን የሚከፍል መስሎሃል፣ ምክር ቤቱ?"

"ውጣ።"

ግሌን ኮቱን ለበሰ። በሩ ላይ ሲደርስ ዞር አለ። "ያንን ሌባ ከንቲባ እንኳ፣ ስትጽፍበት፣ ደውለህ 'እርስዎስ ምን ይላሉ?' ብለኸዋል። እኔን ማን ጠየቀኝ?" ኸርብ መልሶ ሊጠራው ቃጣው፤ ግን ወዲያው፣ ሻጭ መቼ ቃል ያጣል ብሎ ራሱን አጽናና።

ሁለቱ ሲቀሩ ሎሬታ በሩን ቆለፈች። የመጨረሻውን ውሳኔ በሹክሹክታ ወሰኑ፦ ነገ አንቀጹ ከሚነካ ሥራ እናቆማለን ብለው ይፎክራሉ። ጠበቃው ፈርቶ ካፈገፈገ ተረፉ። ካልፈራ ግን ጋዜጣው ከሚዘጋ አንቀጹን ይለቃሉ። ሎሬታ ይህን የጻፈችበትን የወረቀት ፎጣ አራት ቦታ ቀዳድዳ ሽንት ቤት ጣለችው፤ ውኃውን ሁለት ጊዜ ለቀቀችበት።

"ያ ቫንደርሆፍ ነገ ምን ይውጠው ይሆን?" አለች፣ ጓንቷን እያጠለቀች።

"ይፈራል" አለ ኸርብ። "ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ሳያውቅ ይገባል።"

ብቻውን ሲቀር ዶናት አንስቶ በላና መጻፍ ጀመረ። ፉከራውንም፣ ከፉከራው በስተጀርባ ያለውን ምስጢርም፣ ጆሮ ጠቢው እንዴት እንደተባረረም አንድ ሳያስቀር አሰፈረ። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ያማረ ጽሑፍ ጽፎ አያውቅም። ሁለት ጊዜ አነበበው፤ የሚታረም አልተገኘበትም። ግንባሩ ላይ የሰነበተው ጭንቀት ለቀቀው፤ ወንበሩ ላይ ደገፍ ብሎ ስልኩን አነሳ።

"ጤና ይስጥልኝ ሚስተር ቫንደርሆፍ፣ ኸርብ ነኝ" አለ፣ እስክሪብቶውን አዘጋጅቶ፤ "እንደተለመደው የነገውን ጽሑፍ ላነብልዎት ነው፤ የሚሰጡት አስተያየት ካለ እመዘግባለሁ።"