የታኅሣሥ ውሃ

ሲቲ አጥባ የጨመቀችውን ነጠላ መልሳ ውሃው ውስጥ ነከረችው። ሐይቁ ዳር የሚያስቆያት ሌላ ምክንያት አልነበራትም።

«እትዬ ሲቲ፣ ነጠላው እኮ በእጅሽ አለቀ» አለ አራጌ። ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ከኋላዋ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። «አንዴ ደግመሽ ካሸሽው ወንፊት ነው የሚሆነው።»

«ወንፊትም ቢሆን የምለብሰው እኔ። አንተን ምን ቸገረህ?»

ሳቀ። እሷም ሳቀች። አራጌ የጎረቤት ልጅ ነው፤ በእጇ በልቶ ያደገ። አሁን የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ነው። ለብሔራዊ ውትድርና አፈሳው የተጀመረው ገና ሳይነጋ ነበር፤ ካሚዮኑ ወደ ቆቦ በሚወስደው መንገድ ላይ ቆሟል። ከመንደሩ ኮታ የጎደለው አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱም ልጇ አሊ ነው።

አሊ ድንጋይ ቢወረወር በሚደርስበት ደንገል ውስጥ፣ እስከ አንገቱ ውሃ ውስጥ ነበር።

በግንቦቱ አፈሳም እዚሁ ነበር የደበቀችው። የግንቦት ውሃ ከላይ እንደ አጥሚት ለብ ያለ ነው፤ ቅዝቃዜው ከሥር ይተኛል። ያን ጊዜ የመንደሩ ልጆች ደንገሉ ውስጥ ሲሳሳቁ ውለው፣ ማታ ጣታቸው ተጨማድዶ ርቧቸው ወጡ። ዛሬ በሩ ሲደበደብ ትዝ ያላት ያ ነው። በጓሮ አስወጥታ፣ «እኔ እስክጠራህ እንዳትወጣ» ብላ ላከችው። ታኅሣሥ መሆኑ የገባት ነጠላውን ይዛ ተከትላው መጥታ፣ እጇን ውሃው ውስጥ ስትከት ነበር። ያኔ ደግሞ አራጌ ከኋላዋ ቆሞ፣ «እንዴት አደርሽ» ይላት ነበር።

ሐይቁ ይጨሳል። ከሩቅ ላየው የሚፈላ ይመስላል፤ የነካው ግን ጣቱ ይደነዝዛል። በዚህ ወር ፀሐይ ከዞብል ተራራ ወጥታ ውሃውን ሳታሞቀው፣ እንኳን ሰው ከብትም አይገባበትም።

«ምነው ዛሬ ወፍ የለም?» አለ አራጌ።

«በርዷቸው ይሆናላ።»

«አባቴ በታኅሣሥ ሐይቁ ሰው ይጠራል ይሉ ነበር። በስሙ ነው አሉ የሚጠራው።»

«አንተን ጠርቶህ ያውቃል?»

«እኔን ምን ሊያደርገኝ? አጥንት ነኝ። እሱ የሚወደው ጎረምሳ ነው።»

ይቀልድ እንደሆነ ልታይ ዘወር አለች። ፊቱ ላይ ሳቅ አልነበረም። ዓይኑ ውሃው ላይ ነው።

ነፋስ አልነበረም። ግን አንድ ጥግ ላይ ያለው ደንገል ለብቻው ይርገፈገፋል። ሲቲ ነጠላውን አንስታ ድንጋዩ ላይ ደበደበችው፤ ውሃውን በእጇም በእግሯም አናወጠችው፤ ደንገሉን የሚነቀንቀው የእሷ ሞገድ እንዲመስል።

«ቀስ በይ እንጂ፣ ውሃ ረጨሽኝ» አለ አራጌ። ፊቱን ጠረገና፣ «አሊ አላማጣ ሄዷል ብለሽ የለ? መቼ ነው የሚመለሰው?»

«እኔንጃ። አክስቱ ከለቀቀችው።»

«ይመለሳል። እናቱን ትቶ የት ይሄዳል?»

«አንተስ እዚህ ብርድ ላይ ምን ትሠራለህ? ሂድና እሳት ሙቅ።»

«ሐይቁን ጠብቅ አሉኝ፤ እጠብቃለሁ። እኔ ብነሳ ሌላ ሰው ይልካሉ። ያ ሌላው ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ደንገሉን በሳንጃ እየወጋ ነው የሚፈትሸው።»

ነጠላውን ጨመቀች፣ መልሳ ነከረች። ክንዷ እስከ ክርኗ ድረስ የሷ መሆኑን ትቷል።

ከዚያ ደንገሉ ቆመ። መርገፍገፉ መጀመሪያ ቀስ አለ፤ ቀጥሎ ጨርሶ ጠፋ። አልሐምዱሊላህ፣ አለች በሆዷ። ውሃውን ለመደው።

ፀሐይ ተራራውን ስታልፍ ከመንገዱ በኩል የካሚዮን ጥሩምባ ተሰማ። አንዴ፣ ቀጥሎም ረዘም አድርጎ። አራጌ ተነሳ፣ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አነገተ። «ሌላ ሰው አግኝተው ይሆናል» አለ። ጥቂት እንደ ሄደ ቆመ፤ ግን አልዞረም።

«ቶሎ አውጪው» አለ። ሄደ።

ኮቴው እስኪጠፋ አልጠበቀችም። «አሊ!»

አንገቷን ወደ ደንገሉ አሰገገች።

«አሊ! ና ውጣ ልጄ፣ ሄዷል!»

ደንገሉ ተከፈተና ፊቱ ታየ። ከንፈሩ አመድ መስሏል። ሸሚዙን አውልቆታል፤ ከጎኑ ውሃው ላይ ተንሳፍፏል። ፈገግ ብሎ ያያታል።

«ቆይ እማ» አለ። እንቅልፍ እንደ ያዘው ሕፃን ምላሱ ይተሳሰራል። «ይሞቃል እኮ። ነይ ግቢ።»

በልብሷ ገባች። ውሃው ጉልበቷ ላይ ሲደርስ ትንፋሿ ቁርጥ አለ፤ ወገቧ ላይ ሲደርስ እግሯን ማዘዝ አቃታት። እጁን ያዘችው። የሰው እጅ አይመስልም ነበር። ወደ ዳር ስትጎትተው እሱም ወደ ውስጥ ጎተታት፤ ሳይቸኩል፣ ከጨዋታው መለየት እንደማይፈልግ ልጅ። ጭቃው እግሯን ያዘ፤ ውሃው ደረቷ ላይ ወጣ።

ወደ መንገዱ ዞረች። አራጌን ከጠራች ልጇን ወደ ጦር ሜዳ እንደምትሰጥ ታውቃለች።

«አራጌ!» ብላ ጮኸች። «አራጌ፣ ድረስልኝ! እዚህ ነው ያለው! ውሰዱት!»

ከመንገዱ በኩል የካሚዮኑ ሞተር ተነሳ፤ ድምፁ ወደ ቆቦ አቅጣጫ እየራቀ፣ እየራቀ ሄደ።

እጁን አልለቀቀችም። ጉሙ መሐል ፊት ለፊት ቆመው እየተያዩ ሳለ፣ እግሯ ከጣቶቿ ጀምሮ ቀስ በቀስ መሞቅ ጀመረ።