ጅሉ የዲስክ ሌባ

ከስምንቱ ዲስኮች አራቱ የሉም።

የካርቶን ፋብሪካው የኮምፒውተር ባለሙያ የሰርቨሩን ሳጥን ከፍቶ ባዶዎቹን ቦታዎች ደጋግሞ ቆጠረ። ሠራተኛው ሁሉ «ፓስዎርድ» እያለ ነው የሚጠራው፤ የሆነ ነገር ሲጠይቁት በቀላሉ አይከፈትማ። ሌባው ግን ሥርዓት ያለው ሌባ ነው፤ የፈታቸውን ብሎኖች አንድ ሳያጎድል ሰብስቦ መደርደሪያው ላይ አስቀምጧቸዋል።

ሥራ አስኪያጁ ከኋላው ቆሞ ይጮሃል።

«ነገ በሦስት ሰዓት የሥራ ደህንነት ተቆጣጣሪዋ ትመጣለች! የካሜራውን ቀረጻ አምጡ ስትል ባዶ ሳጥን ላሳያት? የዚህ ክፍል ቁልፍ ያለው አንተ ጋ ነው። ሌባው ካልተገኘ ሌባው አንተ ነህ!»

«ቁልፉ መካኒኩም ጋ አለ እኮ አለቃ። ማቀዝቀዣውን የሚጠግነው እሱ ነው።»

«እሱ ነዋ ታዲያ! ሌላ ማን ይሆናል?»

እውነትም ሌላ ማን ይሆናል? ባለፈው ሳምንት መቁረጫ ማሽኑ የአንዲት ሠራተኛ ሦስት ጣቶች ቆርጧል። እጅ እንዳይገባ የሚከለክለው የብረት መከለያ ተፈትቶ ነበር። ሥራ አስኪያጁ «መካኒኩ በገዛ ፈቃዱ ፈታው» ይላል። መካኒኩ ደግሞ «ሥራ ይፍጠን ብሎ ያስፈታኝ እሱ ነው» ይላል። ከሁለቱ አንዱ መታሰሩ የማይቀር ነው። ማንኛቸው እንደሚዋሽ ያየው ካሜራው ብቻ ሲሆን ካሜራው ያየውን የያዘው ይሄ ሰርቨር ነው። ዛሬ ጠዋት ዲስኮቹ ጠፉ፤ ዛሬ ጠዋት መካኒኩ ከሥራ ቀረ። ይሄ ለማንም ግልጽ ነው።

ፓስዎርድ ራሱን ረገመ። ሥራ አስኪያጁ በሳምንቱ ውስጥ ሁለቴ «ሰርቨሩ ሞልቷል፤ የቆየውን ነገር አጽዳ» ቢለው፣ ዛሬ ነገ እያለ ሳጥኑን ዘወር ብሎ እንኳ አላየውም ነበር።

ለመካኒኩ ደግሞ ቅንጣት ርኅራኄ የለውም። አምና ማቀዝቀዣውን ሊጠግን ገብቶ ዲስኮቹን በዘይት እጁ ነካክቶበታል። «እነዚህ ብሎን መሰሉህ እንዴ?» ብሎ ሰው ፊት አዋረደው፤ የእያንዳንዱን ዲስክ ሥራ፣ የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚሄድ፣ እንደ ሰነፍ ተማሪ አቁሞ ዘረዘረለት። መካኒኩ እጁን እየጠራረገ እስከ መጨረሻው ሰማና ወጣ። ከዚያ ወዲህ በመካከላቸው ሰላምታ የሚባል ነገር የለም።

ፓስዎርድ የቀሩትን ዲስኮች አንድ በአንድ ሳበና ራሱ የለጠፋቸውን ምልክቶች አነበበ። ከዚያ ሳቁን ለቀቀው።

«ምን ያስገለፍጥሃል?»

«ሌባው ጅል ነው አለቃ! እዚህ ውስጥ እያንዳንዱ ዲስክ መንታ አለው። አንዱ ላይ የተጻፈው መንታው ላይም ይጻፋል፤ አንዱ ቢሞት ሌላው አለ። ቀረጻውን ማጥፋት የሚፈልግ ሰው መንታዎቹን አብሮ ነው የሚወስደው። ይሄ ደነዝ ግን ከየመንታው አንድ አንዱን ወስዶ አንድ አንዱን ትቶልናል። ምንም አልጠፋም!»

«ምንም?»

«አንዲት ደቂቃ እንኳ!»

ተመስገን ይላል ብሎ ጠብቆ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ግን ወንበር ስቦ ተቀመጠና ላቡን ጠረገ።

ፓስዎርድ ሰርቨሩን በቀሩት አራት ዲስኮች አስነሣው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ቀረጻዎቹ በየቀናቸው ተዘርዝረው ስክሪኑ ላይ መጡ።

«የአደጋውን ቀን ክፈትልኝ። ከዚያ ውጣ» አለው ሥራ አስኪያጁ።

ፓስዎርድ ኮሪደር ላይ አሥር ደቂቃ ያህል ቆመ። በሩ ሲከፈት የሥራ አስኪያጁ ፊት አመድ መስሏል።

«ተበላሽቷል። ምንም አይታይም።»

«አሁን እኮ በዓይኔ ሲሠራ አይቼ...»

«ተበላሽቷል አልኩህ! የቀሩትን በሙሉ ደምስስ። ከዚያ ‹አራት ዲስኮች በመሰረቃቸው ቀረጻውን ማግኘት አልተቻለም› ብለህ ጻፍና ፈርም።»

«አለቃ፣ መካኒኩ እኮ ይታሰራል።»

«ቁልፍ ያላችሁ ሁለት ናችሁ። ወይ እሱ፣ ወይ አንተ። ምረጥ!»

ፓስዎርድን ሚስቱ ትዝ አለችው፤ ገና ያልጨረሰው ቤቱ ትዝ አለው። ከዚያ የመካኒኩ ፊት ድቅን አለበትና ብግን አለ። ይበለው፤ ማን ስረቅ አለው? አራቱንም ዲስኮች ደመሰሰ። እርግጠኛ ለመሆን ደግሞ ደመሰሳቸው። ቀረጻውን ግን ከፍቶ አላየም፤ ማየት አልፈለገም። ጽፎ ፈረመ።

በማግስቱ ከሦስት ሰዓት በፊት የስብሰባው ክፍል ሞላ። መካኒኩም መጣ፤ ጣቶቿ የተቆረጡባትን ሠራተኛ፣ እጇ በፋሻ እንደተጠቀለለ፣ አስቀድሞ አስገባና አጠገቧ ተቀመጠ።

«ዓይኑን በጨው ያጠበ ሌባ!» ብሎ ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛውን ደበደበ። «ጥፋቱን ሊደብቅ ዲስክ ይሰርቃል፤ ደግሞ ደፍሮ እዚህ ይመጣል!»

መካኒኩ ቀና ብሎም አላየው።

ተቆጣጣሪዋ ሪፖርቱን ተቀብላ አነበበች። ቀጥላ ወደ ፓስዎርድ ዞረች።

«ፊርማው የእርስዎ ነው?»

«አዎ።»

«የቀሩትን ዲስኮች በደንብ መርምረዋል?»

«በደንብ። ምንም የለባቸውም።»

«ሲያገኟቸውም ምንም አልነበረባቸውም?»

ሥራ አስኪያጁ ጉሮሮውን ጠረገ። ፓስዎርድ መሬት መሬት እያየ «ምንም» አለ።

ተቆጣጣሪዋ እግሯ ሥር ካለው ቦርሳ አራት ዲስኮች አውጥታ በተራ ደረደረችና «እነዚህን መካኒኩ ትናንት ጠዋት ቢሮአችን ድረስ አምጥቶ አስረክቦናል፤ የአደጋውን ቀን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይተነዋል፤ አሁን ይቺን ሪፖርትዎን ለሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብለው ያንብቡልን» አለችው።