የአባቱ ድምፅ በእጁ የገባለት ልጅ

"አባባ፣ ዓይንዎ ካላየልዎ የሚያምኑትን አንድ ሰው ይዘው መግባት ይችላሉ..." አለች የምርጫ አስተባባሪዋ።

ከሽማግሌው ኋላ ሁለት ልጆቻቸው ቆመዋል... ሴት ልጃቸውና ነርስ የሆነው ወንድ ልጃቸው።

ልጅቷ ቶሎ ብላ ክንዳቸውን ያዘች።

"ተይኝ... ወንድምሽ ይምጣ።"

ነርሱ ክው አለ!

ከአባቱ ጋር ከተኳረፉ ሦስት ሳምንት ሆኗቸዋል።

ቀኑ አገሩ ሁሉ የሞት ቅጣት "ይኑር" ወይስ "ይቅር" ብሎ ድምፅ የሚሰጥበት ነው።

አባት ጡረታ የወጡ አናጢ ናቸው። ታናሽ ወንድማቸውን ዘራፊዎች ሱቁ ውስጥ ገድለውባቸዋል። "ይኑር!" ባይ ናቸው።

ልጅ ደግሞ ድንገተኛ ክፍል ነው የሚሠራው። "ነፍስ ላተርፍ ስሯሯጥ ውዬ 'ግደሉ' ብዬ አልፈርምም" ይላል።

አንድ ቀን ነገሩ ከረረና አባት "የአጎትህ ደም ውሃ ነው እንዴ?" አሉት።

ከዚያ ወዲህ ሰላምታ እንኳ የለም...

አሁን ከመጋረጃው ጀርባ እስክሪብቶው በልጁ እጅ ነው።

"'ይኑር' የሚለው ላይ ምልክት አድርግልኝ።"

አባት አያዩም። ሌላ የሚያይም የለም።

ልጁ እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አሳረፈ...

"አደረግክ?"

"አደረግኩ፣ አባዬ።"

በማግስቱ የምርጫ ጣቢያው ውጤት በበሩ ላይ ተለጠፈ።

ይኑር 412... ይቅር 411!

ከሰዓት በኋላ የልጁ ጓደኛ ደወለ።

"በጣቢያችን በአንድ ድምፅ ጉድ ሆንን እኮ!"

የስልኩ ድምፅ ጮክ ብሎ ስለሚወጣ ቤቱ ሁሉ ሰማ።

ያቺን ምልክት ዝቅ አድርጎ 'ይቅር' ላይ ቢያሳርፋት ኖሮ በጣቢያው አሸናፊው እሱ ነበር...

እህትየው ወደ አባቷ ዞረች።

"አባዬ፣ እኔ እኮ ሐሳቤ ካንተ ጋር ነው። ለምን እሱን ወሰድከው? ቢያታልልህስ?"

"አንቺማ ለራስሽም ብለሽ ታደርጊዋለሽ..." አሉ ረጋ ብለው። "የሚቃወመኝ ልጄ ቃሌን ካላከበረልኝ፣ አገር ምድሩ ቢያሸንፍልኝ ምን ይረባኛል?"

ከዚያ ልጃቸው ወዳለበት እጃቸውን ዘረጉ።

"ና እስቲ... በክርክሩ አልተረታሁልህም። ግን ኮርቼብሃለሁ።"

"እኔም አልተረታሁም፣ አባዬ" አለ እጃቸውን ይዞ።

ከሦስት ሳምንት ኩርፊያ በኋላ አብረው ሳቁ...

ወዳጆቼ፣ ድምፅ መቁጠርማ ማንም ይቆጥራል። በሐሳብ የማይስማማህን ሰው ድምፅ ሳታጎድል ማድረስ ነው ሰው መሆንን የሚጠይቀው።

እኔን ግን አሁንም አንድ ነገር ይከነክነኛል...

የሰው ነፍስ የሚያህል ጉዳይ እንደዚያ ጣቢያ 412 ለ 411 እየተባለ ይወሰናል? ሕዝብ ይወስን ትላላችሁ ወይስ ለዳኞችና ለሕግ አዋቂዎች ይተው?

በልጁ ቦታ ብትሆኑስ እስክሪብቶውን የት ታሳርፉት ነበር? ሳትሸፋፍኑ ጻፉልኝ 👇