የበያጁ ፍሬም

በያጁ ዕድሜውን ሙሉ የሰፈሩን በርና መስኮት ሲሠራ የኖረ ሰው ነው። ልጅ አልወለደም፤ የልጅን ነገር የቀመሰው በእህቱ ልጅ ነው። እሷ ደግሞ ከእግር ይልቅ ጎማ የሚቀናት፣ በቢ.ኤም.ኤክስ ብስክሌት ከአፈር ጉብታ ላይ እየዘለለች የእናቷን ልብ ስታንጠለጥል የምትውል ልጅ ነበረች።

ብስክሌቷ ሲያረጅባት፣ አጎቷ ፍሬሙን እኔ እሠራልሻለሁ ብሎ ቃል ገባ። ብረት ያው ብረት ነው ብሎ ጀመረው፤ ሥራው ግን እንደ በር አልሆን አለው። የቢ.ኤም.ኤክስ ፍሬም አጭርና ዝቅ ያለ ነው፤ መቀመጫው ለወግ ያህል እንጂ ብዙም የሚቀመጥበት የለም። የኋላው ቱቦ ከረዘመ ብስክሌቱ አፍንጫውን አላነሳም ይላል። መሪው የሚገባበት ቱቦ ካጋደለ መታጠፍ ይከብዳል፣ ቀጥ ካለ ደግሞ ሲያርፍ ይቅበጠበጣል። በያጁ ሠርቶ ቆረጠ፤ ደግሞ ሠራ፣ ደግሞ ቆረጠ። በመጨረሻ ልኩ መጣለት። ከዝላይ ሲወረድ ሸክሙ ሁሉ የሚያርፍበትን የፊት መጋጠሚያ ከሥር በወፍራም ላሜራ ደገፈው። ከበር የተረፉ ቀለሞችን ቀላቅሎ፣ የትም ሱቅ የማይገኝ አረንጓዴ ቀባው።

ልጅቷ ስታየው ብየዳውን በጣቷ ዳሰስ አደረገች። ከዚያ የአጎቷን አንገት አቅፋ ሳመችው። አሰልጣኟ ፍሬሙን ብድግ አድርጎ በእጁ መዘነና «ጠንካራ ነው» አለ፤ ሌላ አልጨመረም።

ሰንበት ብላ ደግሞ መጣችና የተረፈ ቀለም ካለ፣ ለጭረት መሸፈኛ እንዲሆናት ጠየቀችው። ጣሳውን እንዳለ ሰጣት።

በዚያ ዓመት ልጅቷን የሚችላት ጠፋ። ውድድር በተደረገ ቁጥር በያጁ ከአጥሩ ኋላ ዓይኑን ጠበብ አድርጎ ይቆማል፤ ሐኪም መነጽር ቢያዝለትም፣ የሽማግሌ ነገር ነው ብሎ ትቶታል። አንድ አረንጓዴ ነገር ከሩቅ አየር ላይ ሲገለባበጥ፣ አጠገቡ ያገኘውን ሰው እየጎሸመ፣ የእኔ ብየዳ ነው ይላል። ሰፈርተኛውም «የበያጁ ፍሬም ቢወድቅ የሚሰበረው መሬቱ ነው» እያለ ይቀልድ ነበር። አንድ ቀን ብሎኑን ላጥብቅልሽ፣ አምጪው ቢላት፣ ምንም አልሆነም ብላ መለሰችው። እሱም ይህንኑ በጉራው ላይ ደረበው፤ የሠራሁት ነገር ጥገና አያውቅም ማለት ጀመረ።

የፍጻሜው ውድድር ዕለት ልጅቷ ትልቁን ጉብታ ዘለለች። ስታርፍ ፍሬሙ ከፊት መጋጠሚያው ላይ ለሁለት ተከፈለ። ጉልበቷ ደቀቀ። ሐኪሞቹ መራመዱን ትራመጃለሽ፣ ዝላዩን ግን እርሺው አሏት።

የተሰበረውን ብረት በጆንያ ጠቅልለው ብየዳ ቤቱ ድረስ ሊያመጡለት የፈለጉ ነበሩ። በያጁ ዓይኔ እንዳያየው፣ ከውድቅዳቂ ብረት ጋር ጣሉልኝ ብሎ ለመናቸው። ሳያየውም ቢሆን ያየዋል። ያን መጋጠሚያ ሲበይድ ሐሳቡ የት ሄዶ ነበር? ደክሞት ነበር? ቸኩሎ ነበር? ብየዳውን በሐሳቡ ደጋግሞ በየደው፤ በበየደው ቁጥር ስንጥቅ አገኘበት።

አንዲት ደንበኛ መጥታ፣ ባለፈው የሠራህልኝን የሰገነት ድጋፍ መለስ ብለህ ብታይልኝ አለችው፤ ልጆች ይደገፉበታል ብላ። በትሕትና ነው የተናገረችው፤ እሱ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ከዚያ ወዲህ በዋናው መንገድ መሄድ ተወ።

አሰልጣኙም መጣ። ብየዳ ቤቱ በር ላይ ቆሞ መሬት መሬቱን እያየ፣ «ራስህን አትውቀስ። ተወው በቃ፣ ማንም አይጠይቅህም» አለው። ዓይኑን ቀና አድርጎ አላየውም። በያጁ ይህን ከስድብ ቆጠረው። እህቱም ሆስፒታል ሊጠይቅ በሄደ ጊዜ ሁሉ፣ ውሃ ላምጣ፣ ሐኪም ልጥራ እያለች ትወጣለች። የእናቴ ልጅ ፊቴን ማየት ጠላች አለ በልቡ። አልፈረደባትም። ልጇን ሽባ ሊያደርግ ምንም ያልቀረውን ሰው ምን ብላ ትየው?

ልጅቷ ቤቷ ከገባች በኋላ፣ አንድ ቀን ከሰዓት ልቡን አጽንቶ ሄደ። አልጋዋ ላይ እግሯን ዘርግታ ነበር። ወንበር ሲሰጡት ጫፉ ላይ ተቀመጠ፤ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ ደጋግሞ አዟዟረ።

«ልጄ፣ የጎዳሽ ይሄ እጄ ነው» አላት። «ዛሬ የብየዳ ማሽኑን ሸጥኩት። ከእንግዲህ ብረት አልነካም። ይቅር በይኝ ለማለትም አፍ የለኝም።»

ይህን ብሎ ከወንበሩ ወርዶ ተንበረከከ።

እህቱ ከበሩ አጠገብ ቆማ ነበር። ፊቷን በእጇ ሸፈነች። «ንገሪው» አለች ልጇን፤ «ንገሪው፣ እኔ አልቻልኩም።»

ልጅቷ እንባዋ ጉንጯ ላይ ወረደ። ሽማግሌውን ማየት አቅቷት ግድግዳው ላይ አፈጠጠች።

«ጋሼ፣ ተነስ። ለኔ አትንበርከክ። ይልቅ አልጋው ሥር ያለውን አውጣው።»

እጁን ሰደደ። በአንሶላ የተጠቀለለ ከባድ ነገር ነበር፤ ጎትቶ አወጣውና ፈታው።

ከዓይኑ በፊት ጣቶቹ የገዛ ብየዳቸውን አወቁት፦ አረንጓዴውን ፍሬም አንድ ጭረት አልነካውም፤ ጎማ እንኳ ገብቶበት አያውቅም።